ያልታጠፈው ብረት

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናሲሞ፣

ከሰላምታ በፊት ልታውቂው የሚገባ ነገር ስላለ እሱን አስቀድማለሁ። ወንድምሽ ዐብዲሐኪም በሕይወት አለ። ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደግመሽ አንብቢያቸው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ። የድምፅ መልእክት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ጽሑፌ ካስቸገረሽ ሠላሳ አራት ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ነው ብለሽ ታገሺው።

“ቤተሰቦቼ የሚደብቁኝ ምንድን ነው?” ብለሻል። የደበቁሽ ይህንኑ ነው። እናትሽ ሀሊሞ “ለሥራ ጅግጅጋ ሄዷል” ስትልሽ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ነበር። አትቆጪያት፤ ሰው አገር ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብላ ነው። ትናንት ቤቴ መጥታ “ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምትሰማው አንተን ነው፤ አንተ ንገራት” አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ምክንያቱን አሁን አልጽፍም።

የሆነውን በተራ ልንገርሽ። ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወንድምሽ በመኪናው ዋሂል ድረስ ሰው አድርሶ ባዶውን እየተመለሰ ነበር። አንዱን ጠመዝማዛ እንዳለፈ ጭነት የጫነ መኪና ያለ ምንም ምልክት መንገዱ ላይ ቆሞ አገኘ። ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰለትም። ሲመታ ፍጥነቱ አርባ አምስት ያህል እንደነበር ይናገራል። ቀበቶውን አስሯል፤ የአየር ከረጢቱም ተከፍቷል። ነገር ግን መርገጫዎቹ ያሉበት ወለል ወደ ኋላና ወደ ላይ ተገፍቶ እግሩን ያዘው። የአካባቢው ሰዎች በዲጅኖ ፈልቅቀው አወጡት። ጥላ ስር ካስተኙት በኋላ ከመኪናው ሆድ ነጭ ጭስ ይወጣ ጀመር፤ ቆይቶም ነደደ። ከመኪናው የተረፈው ብየዳ ሠሪው ሃሺ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ የእናንተ ፋብሪካ መኪና ፊት ለፊት ሲመታ ምን እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው? ጊዜ ስታገኚ በተራ አስረጂኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

መምህርሽ ዘካሪያ


ቾንግቺንግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህሬ፣

ወዓለይኩም ሰላም። በአፍ “አንተ” ስልዎት ኖሬ አሁን “እርስዎ” ማለቴ የራቅሁ አያስመስለኝ፤ ወረቀት ላይ ድፍረቱ ይጠፋኛል። እንዳሉኝ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ደግሜ አነበብኳቸው። ከዚያ ለአንድ ቀን ወደሚቀጥለው ማለፍ አልቻልኩም። ሁሉም ሰው ሲሸሸኝ እርስዎ ስላልሸሹኝ አላህ ይስጥልኝ።

ጥያቄዎን ልመልስ። የመኪናው ፊት የተሠራው እንዲጨማደድ ነው። ከኮፈኑ ስር በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች አሉ። ውስጣቸው ባዶ ነው። በተለካ ርቀት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች አሏቸው፤ ሲመቱ ከእነዚያ ቦታዎች ጀምረው እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋሉ። እያንዳንዱ እጥፋት ከግጭቱ ኃይል ይበላል፣ ጊዜም ይገዛል። ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን ጠንካራ ነው፤ እሱ መታጠፍ የለበትም። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪው ከወለሉ ስር እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። ስለዚህ ከፊት የሚመጣ ምንም ነገር ወለሉ ጋ መድረስ የለበትም። ከደረሰ ሰውየውንም ባትሪውንም ያገኛቸዋል።

ከግጭት በኋላ ፊቱ እንደ ተረገጠ ካርቶን ሆኖ ሲታይ ሰው “ደካማ መኪና” ይላል። እኛ እዚህ እንደዚያ ሆኖ ስናየው እጅ እንጨባበጣለን።

ይህን ሥራ የመረጥኩት በእርስዎ ምክንያት እንደሆነ ነግሬዎት አላውቅም። አንድ ቀን ሁለት ማንጎ ይዘው ክፍል ገቡ። አንዱን ከጠረጴዛ ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ጣሉት፣ ሌላውን ከደቻቱ ወንዝ ባመጡት አሸዋ ላይ። “ሁለቱም ቆመዋል፤ ልዩነቱ ለመቆም የወሰደባቸው ጊዜ ነው” አሉን። እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው አሸዋውን ነው።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎት። ዐብዲሐኪም ሊገዛው ሲል ደውሎ “እህቴ፣ ጠንካራ ነው?” አለኝ። “የፊቱን ምሰሶ ከፈተሹት አንዷ እኔ ነኝ፤ ገብተህ ተኛበት። ምንም አትጨምርበት፣ ምንም አትቀንስለት” አልኩት። እሱም አመነኝ። ዛሬ ስደውል አያነሳም።

እባክዎ የመኪናውን ፊት ከጎን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ምሰሶዎቹ እንዴት እንደታጠፉ ማየት አለብኝ።

ናሲሞ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናሲሞ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኛሁት። ባለቤቴ ዛምዛም “ምን ጻፈችልህ?” አለችኝ። “ስለ ማንጎ” አልኳት።

አራት ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ሁለቱ ከቀኝ፣ ሁለቱ ከግራ። ስላዘገየሁት ይቅርታ። ከማንሳቴ በፊት መጽዳት የነበረበት ነገር ነበር።

ወንድምሽ ስለ አንቺ ይጠይቅ እንደሆነ አልደብቅሽም። እሑድ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ክራንቹን ይለማመዳል። ጎረቤቶች ተሰብስበው ፊታቸውን ሲያጠቁሩበት “አቦ ምን ሆናችኋል? ከእንግዲህ መስጊድ በር ላይ የማወልቀው አንድ ጫማ ነው፤ እናንተ ስታወልቁ እኔ የፊት ረድፍ ይዣለሁ” አላቸው። ሳቁ። እናትሽ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰዎቹ ሲወጡ “ናሲሞ ትደውላለች” አልኩት።

“ተዋት ቲቸር። ቻይና ተቀምጣ ቆርቆሮ ትፈትሽ።”

“እህትህ ናት።”

“እህቴ ስለሆነች አይደል ያመንኳት?”

ስለ እኔም የተናገረው ነገር አለ፤ የማይገባኝ ስለሆነ አልጽፈውም። እናትሽ በማግስቱ አንድ ፍየል ቤቴ ድረስ ላከችልኝ። ስለሱም ሌላ ጊዜ።

አንድ ነገር ደግሜ ልጠይቅሽ። አንድ ሰው ምሰሶው እንዳይታጠፍ አድርጎ ቢያጠነክረው፣ የጨመረው ብረት ጥሩ ብረት ቢሆንም እንኳ፣ ጉዳቱ ምንም ካልተጨመረበት ጋር ያው ነው?

ዘካሪያ


ድሬዳዋ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናሲሞ፣

“ያው አይደለም፤ ይብሳል” ያልሽው መልስ ግልጽ ነው። አመሰግናለሁ።

በፎቶው ላይ ስላየሽው የሚያብረቀርቅ የመቁረጫ ምልክት ጠይቀሽኛል። ሰዎቹ ወንድምሽን ለማውጣት ሲታገሉ የቆረጡት ነው።

ምሰሶዎቹ በእርግጥ ቀጥ ብለው ቀርተው እንደሆነ በሜትር እንድለካም ጠይቀሽ ነበር። ለካሁ። ግራውም ቀኙም አልታጠፈም። ፎቶው አላሳሳተሽም፤ ዓይንሽ ልክ ነው።

ስለ ጤናዬ ላነሳሽው፣ ደህና ነኝ። እንቅልፍ ትንሽ ይቸግረኛል፤ የዕድሜ ነገር ነው።

ደብዳቤዬ ስላጠረ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዘካሪያ


ቾንግቺንግ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህሬ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለእትዬ ዛምዛም ይሁን። ሃያ ቀን ዝም ስላልኩ ይቅርታ። እርግጠኛ ሳልሆን መጻፍ አልፈለግሁም።

ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው ቀርተዋል። በዚያ ፍጥነት ቢያንስ ሦስት ቦታ መታጠፍ ነበረባቸው። ይህ የሚሆነው ብረቱ ከታዘዘው በላይ ደርቆ ከተሠራ ነው። ሌላ ምክንያት ለማግኘት ያላገላበጥኩት ነገር የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። መጀመሪያ ፎቶውን ሳይ የሰው እጅ ገብቶበታል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ያ ምልክት ያለበት ቦታ ሰው ለማውጣት የሚቆረጥ ቦታ አይደለም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። የነገሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። እኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ተሳስቶ የለካን ልጅ እንደገና የሚያስለኩ ሰው። በመጠርጠሬ አፈርኩ።

ያንን ምሰሶ ካጸደቁት ሦስት ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው። ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፍተሻዬ ጉድለት እንደነበረበት የሚገልጽ ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ሁለቱም ባልደረቦቼ አብረውኝ ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ ሥራውን እተዋለሁ፤ የሰው ሕይወት የሚያርፍበት ነገር ላይ ዳግመኛ መፈረም አልችልም። አለቃዬ “ያለሽ ማስረጃ አራት ፎቶ ብቻ ነው” አለኝ። “ፎቶውን ያነሳውን ሰው ስለማታውቀው ነው” አልኩት።

ለዐብዲሐኪም ይንገሩልኝ። ስልኬን ባለማንሳቱ አልፈርድበትም። እግሩን የወሰድኩበት እኔ ነኝ።

ናሲሞ


ድሬዳዋ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለናሲሞ፣

አትፈርሚ። ብረታችሁ አልደረቀም። ፍተሻሽ ጉድለት የለበትም። ምሰሶዎቹ ያልታጠፉት እንዳይታጠፉ ያደረግኋቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

“ልጄ” ብዬ አልጀመርኩም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ እንደዚያ ልጠራሽ እችል እንደሆነ አንቺ ትወስኛለሽ።

ማክሰኞ የደወልኩልሽ ይህንን ልነግርሽ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ስለ ብርዱ ጠይቄሽ ዘጋሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ በተራ፣ ምንም ሳልዘል።

ባለፈው ግንቦት ዐብዲሐኪም መኪናውን እንደገዛ መጀመሪያ ያመጣው ለእኔ ነው። ከሃሺ ብየዳ ቤት ፊት ለፊት አቆመው። ሰው ከበበው። እኔ በጣቴ አንጓ በሩን አንኳኳሁት፤ ከዚያ የፊቱን መከላከያ። ፕላስቲክ ነው። ድሬ ውስጥ አርባ ዓመት የተሳፈርኩባቸው ታክሲዎች በራቸው ሲዘጋ ሰፈር ይሰማ ነበር። እነሱ ነበሩ ለእኔ መኪና ማለት። “ዐብዲሐኪም፣ ይሄ የብስኩት ቆርቆሮ ነው” አልኩት። ሃሺ ደግሞ “ወላሂ ቲቸር፣ መቁረጫም አያስፈልገኝ፤ በጥርሴ እጨርሰዋለሁ” አለ። ሰው ሳቀ። ወንድምሽ ግን ፊቱ ተለወጠ። ያኔ ነው “አይዞህ፣ እኔ አጠነክርልሃለሁ” ያልኩት።

ሁለት ቀን ባለ ካሬ መስመር ወረቀት ላይ ነደፍኩ። ከአሮጌው ባቡር ቁርጥራጭ ብረት አንድ ወፍራም አግዳሚ ከፕላስቲኩ ጀርባ፤ ከሱ ሁለት ክንድ በሁለቱ ምሰሶዎች ጎን ለጎን እስከ ወለሉ ጠርዝ። ልኩ በሚሊሜትር ነው። ከስር ስሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሃሺ እንደ ንድፉ በየደው። ከመበየዱ በፊት ዐብዲሐኪም “ቲቸር፣ ናሲሞ ምንም አትጨምርበት ብላለች” አለኝ።

“ናሲሞን ያስተማርኳት እኔ ነኝ” አልኩት።

ከዚህ በኋላ የሚነገር ብዙ ነገር አለ፤ የሁሉም መነሻ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። በየዓመቱ ማንጎና አሸዋ ይዤ ክፍል ስገባ የነበርኩ ሰው፣ አሸዋውን ከወንድምሽ ፊት አንስቼ ሲሚንቶ አስቀመጥኩበት።

ከአደጋው በሦስተኛው ቀን ሃሺ ግቢ ሄድኩ። መኪናው ነዷል፤ የእኔ ብረት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱ ክንዶች ወለሉን ሰንጥቀው ገብተዋል። ሃሺ በኩራት “አየህ ቲቸር፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው” አለኝ። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። “ለማወቅ ያህል ነው” ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸቴን ነው፤ ጥፋተኛ አይደለህም እንድትዪኝ ነበር የፈለግሁት። መልስሽ ሲደርሰኝ አወቅሁ። ፎቶ ስትጠይቂኝ ደግሞ ሃሺን “ይህን ብረት ቁረጠው” አልኩት። “ለምን?” አለ። “ፎቶው እንዲጠራ።” አየኝና ቆረጠው። ያየሽው ምልክት እሱ ነው። ዓይንሽ ልክ ነበር፤ ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ።

የፍየሉን ነገርም ልጨርስ። ወንድምሽ ያዳነው ብረቱ ይመስለው ነበር። “ቲቸር ባያጠነክርልኝ ኖሮ አልቄ ነበር” ይል ነበር። በሰው ፊት እጄን ስሞኛል። ፍየሏ የምስጋና ናት። አረድናት፤ በላሁ። እናትሽ ስለ ብረቱ ያልነገረችሽ ሥራሽን መንቀፍ እንዳይሆንባት ብላ ነው።

ሃሺ ሰኞ ዕለት መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። አልገባም አለ። “ቲቸር፣ ሥራዬ ጥሩ ከነበረ ለምን አስቆረጥከኝ? መጥፎ ከነበረ ለምን አልነገርከኝም? በአንተ ወረቀት ሌላ ሦስት መኪና ሠርቻለሁ። ሁሉም ‘የዐብዲሐኪምን ዓይነት’ እያሉ ነው የሚመጡት።” አላወቅሁም ነበር ብል እውነት ነው፤ ግን ስላልጠየቅሁ ነው ያላወቅሁት።

በማግስቱ ከሃሺ ጋር ሦስቱንም ባለቤቶች አገኘን። አንዱ እሺ ብሎ አስቆረጠ። ሁለተኛው አስባለሁ አለ። ሦስተኛው፣ ቢዮ አዋሌ የሚመላለሰው ሲያድ፣ “ዐብዲሐኪምን አድነህ ለእኔ ሲሆን ትነቅላለህ?” ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። በየቀኑ ሰው ጭኖ ይወጣል።

ትናንት ወንድምሽ ጋ ሄድኩ። እናትሽ ባለችበት ተናገርኩ። ስጨርስ ብዙ አልተቆጣም። “ብረቱ ባይኖር እግሬ ይኖር ነበር?” አለኝ።

“በእርግጠኝነት አላውቅም። ወለሉን የገፋው ግን ብረቱ ነው።”

ከዚያ “እጅህን ስስምህም ታውቅ ነበር?”

“አዎ።”

“ፍየሏን ስትበላም?”

“አዎ።”

“እኔ ይሄን ሁሉ ቀን እህቴን ስሰድብ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር።” እናትሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እሱ ስልኩን እንዳቀብለው ጠየቀኝ። አቀበልኩት። ስምሽን አውጥቶ አየው፤ አልደወለም። “መጀመሪያ ካንተ አፍ ትስማው። እሷ ካወቀች በኋላ ነው የምደውለው፤ አለዚያ ከይቅርታ በፊት ሌላ ነገር ማስረዳት ሊሆንብኝ ነው” አለ። ስወጣ በሩን የከፈተልኝ ሰው የለም። ይህን እንድታዝኚልኝ ብዬ አልጻፍኩትም፤ ምንም ሳልዘል ብዬሽ ስለነበር ነው።

ከዚህ ጋር የንድፌን ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ፊርማዬ ከስር አለ። ከመቆረጡ በፊት ሃሺ በስልኩ ያነሳውን የብረቱን ፎቶም ጨምሬያለሁ። ለአለቃሽ አሳዪው። የአራቱን ፎቶዎች አንሺ ስም ከጠየቀሽ ስሜን ንገሪው፤ ምን እንዳደረግሁም ንገሪው። ባልደረቦችሽ በእኔ ምክንያት እንዳይጠየቁ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ገና ጊዜው አይመስለኝም። የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰኞ ወረቀቱ ከመቅረቡ በፊት ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ አሳውቂኝ። ሁለተኛ፣ ለሲያድ ሁለት መስመር ጻፊለት፤ እኔን ከእንግዲህ የሚያምንበት ምክንያት የለውም፣ የዐብዲሐኪም እህትና የመኪናው ፈታሽ የጻፈችውን ግን ላነብለት እችላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቢዮ አዋሌ ከመውጣቱ በፊት መናኸሪያ እጠብቀዋለሁ። እባክሽ እስከዚያ መልሺልኝ።

ዘካሪያ